የሓጃ ሽጉጥ ሽቶ ይሸት ነበር

ወታደር ወንድም ያላችሁ ሽጉጥ ምን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ብረትና ዘይት፣ ከስሩም ትንሽ የተቃጠለ ነገር። እኔ የማውቃት ሽጉጥ ግን ሙሽራ ሙሽራ ነበር የምትለው። ሰንደል፣ ምስክ፣ ቅርንፉድ። ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ እኔም ስቄያለሁ። የሳቅኩት ግን ቆይቼ ነው።

አስናቀች እባላለሁ። ከወገራ ተነስቼ በመተማ በኩል ካርቱም የገባሁት ገና በልጅነቴ ነው። መጀመሪያ ካፉሪ ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ልብስ ሳጥብ ኖርኩ፤ ኋላ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር፣ ሓጃ ዘይነብ የሚባሉ አሮጊት ቤት ገባሁና እዚያው ቀረሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ነው የለቀምኩት። ጨዋታ ግን እወዳለሁ፤ ሓጃም ይወዳሉ። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እሳቸው በዐረብኛ፣ እኔ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ የሞተውንም ያለውንም ስናነሳ ነበር የሚመሽብን።

ባላቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። ጦርነቱ መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹን መኪና ላይ እየጫነ ሲወጣ ሓጃ፣ "እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ነው የገባሁ፤ በእግሬ አልወጣም" ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ዐይናቸው ደክሟል፣ ጣቶቻቸውም ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል። እኔስ ጥያቸው የት እሄዳለሁ? ተቀመጥኩ።

ሽጉጧ የባላቸው ነበረች። ከመዳፌ ብዙም የማትተርፍ ትንሽዬ ነገር ናት። ሓጃ ሽቶ በሚያኖሩባት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከነጥይቶቿ ትተኛለች። የሱዳን ሴት ለባሏ የምታዘጋጀው የዘይት ሽቶ አለ፣ ኹምራ ይሉታል። ሓጃ በየዓርቡ ኹምራውን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ሽጉጧን ይቀቧታል። ጥይቶቹንም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ።

"ገበያ ሲሄድ ጀለቢያውን ቀብቼ ነበር የምልከው" ይሉኛል። "አሁን ጀለቢያውም የለ፣ ባለ ጀለቢያውም የለ። ይቺ አለች።"

እኔ ጠርሙሱን እይዝላቸዋለሁ። ሚስትነታቸውን የሚቀጥሉበት መንገድ ነው፣ ምን እላለሁ?

ደሳለኝን ወደ ቤታችን ያመጣው ውሃ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ አገሩ ሳለ ወታደር ነበር፣ ጥሎ ወጣ፤ ወደ ሊቢያ ሊሻገር ካርቱም ቢደርስ መንገዱ ተዘጋበትና ቀረ። የአህያ ጋሪ ተከራይቶ፣ እነሱ ካሮ የሚሉትን፣ በበርሜል ውሃ እየጫነ ይሸጣል። የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ሓጃ ባላቸው ለአትክልት ያስቆፈሩትን የግቢ ጉድጓድ ከፈቱለት። "ውሃ የአላህ ነው፣ ይቅዳ" አሉ።

በባልዲ ሲቀዳ ስልኩን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያስቀምጥና የእናቱን ድምፅ ይከፍታል። ከአገር የላኩለት መልእክት ነው፣ ያው አንዱ። "ደሱዬ፣ በላህ ወይ? ጫማህስ ደህና ነው?" ይላሉ፣ ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል። እየደጋገመ ሲያሰማው እኔም በቃሌ ያዝኩት። ሓጃ ቋንቋው ሳይገባቸው፣ "እናቱ ዛሬም ስለ ጫማው ጠየቀች?" ይሉኛል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ አላመንኩትም። የዚያን ሰሞን ካርቱም ውስጥ ሰው ማመን ምን እንደሆነ የነበራችሁበት ታውቁታላችሁ። ዳቦ ስትሸጥልህ የነበረች ሴት ቤትህን ለዘራፊ ታሳያለች። አንድ ቀን ውሃ ልደፋ ወጣ ብል ደሳለኝ መንገዱ ጥግ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ፒክአፕ አጠገብ ቆሞ ይስቃል። እነሱም ይስቃሉ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወደ ቤት ተመለስኩና በሩን ቆለፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳችን ማዶ ያለውን ቤት በጠራራ ፀሐይ ሰበሩት። እኛ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጠን የሚሰባበረውን ዕቃ በድምፁ እየለየን ሰማን። ሰዎቹ ሲሄዱ ሓጃ፣ "ኻላስ" አሉ። በቃ። የእህታቸው ልጅ መኪና ይዞ ከተማው ዳር እስካለችው ሶባ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲህ መግባት አይችልም። ሶባ ድረስ ሓጃን የሚያደርስ የሚገኘው ያው የደሳለኝ ካሮ ብቻ ነው።

ጠራነው። "እወስዳችኋለሁ። ዓርብ፣ በጁምዓ ሶላት ሰዓት" አለ። "ያኔ መንገዱ ሰው አይበዛበትም።"

"ሰው የማይበዛበት ለምን ፈለግህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ሰው የሚበዛበትን ትመርጫለሽ?"

ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ሓጃ ደግሞ ተነስተው ሣጥናቸውን ከፍተው ሽጉጧን አወጡ። "ያ ሐበሺ" አሉት፣ አንተ ሐበሻ ማለታቸው ነው፣ "ይህን አየህ? መንገድ ላይ ሌላ ነገር ካሰብክ ይቺ አለች።"

ደሳለኝ አልደነገጠም። አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ፣ "ሓጃ፣ ይቺ ሽጉጥ ናት ወይስ ሙሽራ?" አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። "እስቲ ልያት።"

ሓጃም ሰጡት! ያስፈራሩትን ሰው፣ ያስፈራሩበትን ዕቃ፣ እንካ ብለው! እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ብሸሽ የት እንደምሸሽ ግን አላውቅም ነበር።

እሱ ትሪ ጠየቀኝ። ጥይቱ የሚሰካበትን ካዝና አወጣ፣ ጥይቶቹን ትሪው ላይ ደረደረ፣ ሽጉጧን ፈታታ። ውስጧ የኹምራው ዘይት አቧራ ጠጥቶ እንደ ሙጫ ሆኗል። በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ብልት በብልት ጠራረጋት። እጁ ላይ ያየሁትን ነገር አልረሳም፤ ሰው ሕፃን ሲያጥብ እንደሚያደርገው ነበር።

"ብረቷ ደህና ናት" አለ። "ጥይቶቹ ናቸው የማይሆኑት።"

"ባሌ ከውጭ አገር ነው ያስመጣቸው!" አሉ ሓጃ ተቆጥተው። "ምርጥ ናቸው። አፋቸውን አታይም?"

እውነትም የጥይቶቹ ጫፍ እንደ ተከፈተ አፍ ጎድጓዳ ነበር፤ ሲያዩት ያስፈራል።

"አፋቸው ነው ችግሩ" አለ ደሳለኝ። "ለትልቅ ሽጉጥ ቢሆን ጥሩ። የዚች ጉሮሮዋ ጠባብ ነው፤ አፉ የተከፈተውን አንዱን ትውጣለች፣ ሌላው ያንቃታል።" በእጁ እየሳበ አሳየን። አንዱ ገባ፤ የሚቀጥለው ጫፉ ተቀርቅሮ ቀረ። "ለዚች ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ነው የሚስማማት። እሱ ብቻ አይደለም። እዩ፣ ከጀርባው ይህቺ ክብ ነገር አለች፤ መርፌው የሚመታት እሷን ነው። ሽቶው በዚህ በኩል ሰርጎ ከገባ፣ ባሩዱ ጭቃ ሆኗል ማለት ነው። ይከሽፋል።"

"ሆኗል ወይስ ሊሆን ይችላል?" አልኩት።

"ሳልተኩስ በምን አውቃለሁ? ሽጉጥ የሚታወቀው ደጋግሞ በመተኮስ ነው። እዚህ አንድ ብንተኩስ ደግሞ ያን ፒክአፕ ጠራነው ማለት ነው። ስለዚህ በእጅ የሚታየውን አየን፤ የቀረውን ማመን ነው።"

"ማንን?"

ቀና ብሎ አየኝ። ሽጉጧን ገጣጥሞ ለሓጃ መለሰላቸው። "እኔ አልይዛትም። እኔ ላይ ከተገኘች እዚያው ይደፉኛል። በእርስዎ ቶብ ስር ግን ማንም እጁን አይሰድም። ደህና ጥይት እፈልግላችኋለሁ" ብሎ፣ በስልኩም ለሓጃ የእህት ልጅ ዓርብ ሶባ እንዲጠብቀን ነግሮልን ወጣ። ቶብ ማለት ያ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉት ረጅም ልብስ ነው።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? በቤታችን ስለዚያች ሽጉጥ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ ሽጉጧን የያዝንበት ሰው ነው። ጥይቶቻችሁ አይሠሩም የሚለን እሱ፣ የሚሠራ ላምጣላችሁ የሚለንም እሱ። በግ ጠባቂው ጅብ ቢሆን በሩን እንዴት እንደምንዘጋ የሚያስተምረን ራሱ ነው።

ሐሙስ ቀን በጨርቅ የተቋጠሩ ጥይቶች ይዞ መጣ። ጫፋቸው ድቡልቡል፣ ደረቅና ንጹሕ። የሓጃ ጣት ስለማይችል ካዝናው ውስጥ እንዴት እንደሚሰካ እኔን አስተማረኝ፤ እንዴት እንደሚያቀባብሉትም።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከሰው።"

"ከየትኛው ሰው? ከእነዚያ ከምትስቅላቸው?"

ፊቱ ተለወጠ። "ውሃ አምጣ ሲሉኝ አመጣለሁ፣ ሳቅ ሲሉኝ እስቃለሁ። አንቺ ብትሆኚ ታኮርፊያለሽ?"

"እሺ። ስልክህን ስጠኝ፣ ለሓጃ የእህት ልጅ ሰዓቱን እንንገረው።"

"ስልኬ ተሰበረ" አለና ዐይኑን ወደ ጉድጓዱ መለሰ። ያን ቀን ሲቀዳ የእናቱ ድምፅ አልተሰማም። ትናንት ሲያወራ የነበረ ስልክ በአንድ ሌሊት ተሰበረ? ወይስ ከማን ጋር እንደሚደዋወል እንዳናይ ነው? ሓጃ በረንዳው ላይ ሆነው፣ "ዛሬ እናቱ ስለ ጫማው አልጠየቀችም?" አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሽጉጧ በአንድ በኩል፣ የሓጃ ባል ጥይቶች ከነሽቷቸው በሌላ በኩል። ካዝናው ውስጥ የደሳለኝ ጥይቶች አሉ። እነዚህ ቢተኮሱ በእጄ ውስጥ የሚፈነዱ ቢሆኑስ? ባዶ ቢሆኑስ? የሞተ ባል ሴት አያታልልም ብዬ አሰብኩ፤ ሕያው ወንድ ነው የሚያታልለው። የሱን አወጣሁና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳቸው፤ የሓጃን ሰካሁ። አቀባበልኩ። የመጀመሪያዋ ሳትቀረቀር ሸርተት ብላ ገባች።

"አየህ!" አልኩ ብቻዬን፣ እሱ እዚያ የቆመ ይመስል። "ውሸታም! ገባች!"

ለሓጃ አልነገርኳቸውም። መቆለፊያዋን ዘግቼ በቶባቸው ስር ሰጠኋቸው።

ደሳለኝ ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። ያም አላማረኝም። "ለምን ቀደምክ?" ስለው፣ "ያላ፣ ያላ" ብቻ አለኝ። ሓጃን አቅፎ ካሮው ላይ፣ በባዶ በርሜሎቹ መካከል ፍራሽ ላይ አስቀመጣቸው። እኔ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። እሱ አህያዋን እየሳበ በፊታችን ይሄዳል። ሓጃ ቤታቸውን ዞር ብለው አላዩም፤ እኔ ነኝ ያየሁላቸው።

መንገዱ ባዶ ነው። ከሩቅ የሰባኪው ድምፅ ይሰማል። የተቃጠለ መኪና፣ ማንም የማያነሳው ማቀዝቀዣ፣ አንድ ድመት። ፀሐዩ ራስ ይበሳል። አስፋልቱን ይዘን ወደ ሶባ መሄድ ነበር ውላችን። ጥቂት እንደሄድን ደሳለኝ ቆም አለና አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት አየ። እኔ ምንም አላየሁም። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገር አህያዋን ጠምዝዞ በሁለት ግንቦች መካከል ወዳለች ጠባብ መንገድ አስገባን።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

አህያዋን አፈጠነ።

"ደሳለኝ! ወዴት ነው የምትወስደን?"

መንገዷ መጨረሻዋ የተዘጋ የብረት በር ነበር። መውጫ የላትም። ልቤ፣ "አለቀ፣ እዚህ ነው የሚጠብቁት" አለኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት ገመዱን ጥሎ ካሮው ላይ ዘለለ፣ በመዳፉ አፌን ከደነ፣ በርሜሉ ላይ ገፍቶ ደፋኝ። ክብደቱ ሁሉ እላዬ ላይ ነው። በትከሻው ላይ ተሻግሬ ያየሁት ሓጃን ነበር። ቶባቸው ተገልጧል። መቆለፊያዋን ከፍተው፣ ሽጉጧን በሁለት እጃቸው ይዘው አፈሙዟን ጀርባው ላይ ደግነዋል። የሽቶው ሽታ መጣ። ምላጩን ሳቡ።

ቀጭ።

ሌላ ምንም የለም። ቀጭ ብቻ።

ሁለተኛ ሊስቡ ሲሉ የሞተር ድምፅ ተሰማ። አስፋልቱ ላይ፣ አሁን በወጣንበት በዚያው ቦታ፣ ፒክአፕ ቀስ እያለ ያልፋል። ኋላው ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች። አንዱ ያንጎራጉራል። ሁለተኛ መኪና ተከተለ። አህያዋ ጆሮዋን ብቻ አንቀሳቀሰች። ደሳለኝ እጁን ከአፌ ላይ ሳያነሳ፣ ጀርባውን ለዚያች አፈሙዝ እንደሰጠ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆየ። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሱ ከእኔ በፊት አቧራውን አይቶ ነበር። ተኩሱ ቢሰማ ኖሮ እሱ ብቻ አልነበረም የሚሞተው።

ቀስ ብሎ እጁን ከአፌ አነሳ። ቀስ ብሎ ዞረ። ቀጭ የሚለውን ሰምቷል፤ ወታደር ያን ድምፅ አይስተውም።

"ሓጃ" አላቸው፣ "አምጧት።"

ሰጡት። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሽጉጧን ወደ ኋላ ሳበ፤ የከሸፈችው ጥይት ፍራሹ ላይ ወደቀች። አነሳት፣ ጀርባዋን አየ፣ አሸተታት። ከዚያ ሓጃን ሳይሆን እኔን አየ።

"እትዬ፣ የኔዎቹስ?"

የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁና ዘረጋሁለት። ጥይቶቹን አያቸው፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ጥይቶቹን አያቸው። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትቶን ይሄዳል ብዬም ጠብቄ ነበር፤ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል?

"እትዬ" አለ በመጨረሻ፣ "ስላላመንሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።"

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አላሾፈም።

ከዚያ ያደረገውን ነው እስከ ዛሬ አስቤ የማልጨርሰው። የሓጃን ጥይቶች አውጥቶ በግንቡ ላይ ወረወራቸው። የራሱን፣ ድቡልቡሎቹን፣ አንድ በአንድ ሰካ። አቀባበለ፣ ቆለፈ። እና ሽጉጧን መልሶ ለሓጃ ሰጣቸው። አሁን ጀርባው ላይ ምላጭ ለሳቡበት ሴት!

"እነዚህ አይከሽፉም፣ ሓጃ" አላቸው። "ጣትዎን ከምላጩ ያርቁልኝ።"

ፊቱን አዞረ፣ ገመዱን አነሳ፣ "ያላ" አላት አህያዋን። እስከ ሶባ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ። አንዴም ዞር አላለም። እኔ ያን ጀርባ እያየሁ ሄድኩ፤ ሸሚዙ በላብ ርሶ ተጣብቆበት ነበር።

ሶባ የሓጃ የእህት ልጅ ዛፍ ስር መኪናውን አቁሞ አገኘነው። ደሳለኝ ሓጃን አውርዶ ካስቀመጠ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ መጣ። "እትዬ፣ የሰውየውን ስልክ ለምኚልኝ፤ ለእናቴ አንድ ቃል ልላት።"

"የአንተስ? እውነት ተሰበረ?"

ሳቅ አለ። "ጥይት ሆነ" አለኝ። "ጥይት የነበረው ሰው ስልክ ነው የፈለገው።"

"ለምን? ለእኛ ብለህ?"

"ለእኛ" አለ። "እኔም እኮ በዚያው መንገድ ነው የምሄደው።"

ያ የእናቱ ድምፅ በዚያ ስልክ ውስጥ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። አላነሳነውም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ታሪክ ምን ልትወስዱ እንደሚገባ እንድነግራችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ሰው እመኑ እንዳልላችሁ፣ ባምነው ኖሮ በሱ ጥይት ይሞት ነበር። አትመኑ እንዳልላችሁ፣ ያን ጀርባ አይቻለሁ። ጥርጣሬዬ ገደል አፋፍ ድረስ አደረሰን፤ ያው ጥርጣሬዬ ደግሞ አተረፈን። ይህን ስንት ጊዜ አገላብጬ አየሁት፣ ማሰሪያ አላገኘሁለትም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያጠራጥረኝ ሆዴ ውስጥ አላብላላውም። ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ፤ ሲዋሸኝም ለምን እንደዋሸ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። "ስልኬ ተሰበረ" ሲለኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር ሳልጠይቀው የቀረሁት።

አሁን ገዳሪፍ ነን፣ እኔና ሓጃ፣ በእህታቸው ልጅ ቤት። ሽጉጧን የእህታቸው ልጅ ወሰዳት። ሓጃ አልተከራከሩም። የኹምራው ጠርሙስ አለ፤ ዓርብ ሲመጣ ከፈት አድርገው ያሸቱታል፣ ምንም ላይ ሳይቀቡ ይከድኑታል። አንድ ቀን፣ "ባሌ እነዚያን ጥይቶች የገዛው ወንድ ቢመጣብኝ እንድገድልባቸው ነበር" አሉኝ። "እኔ በሽቶዬ አበላሸሁበት። ይቀየመኛል ትያለሽ?"

"አይቀየምዎትም፣ ሓጃ።"

ደሳለኝ ይደውላል። ወደ ሊቢያ አልሄደም፤ ወደ አገሩ ነው የተመለሰው፣ ከእናቱ ጋር ነው። በደወለ ቁጥር ሓጃ ስልኩን ከእጄ ይቀሙኛል። "ያ ሐበሺ፣ ደህና ነህ?" ይሉታል፣ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ።

እሱም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚመልስላቸው።

"ጀርባዬ ደህና ነው፣ ሓጃ።"